ለወረቀት ብቻ

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

የአደን ዕቃ ሱቄ እንደ ወትሮው። ጠዋት አንድ የባንክ ሠራተኛ መጥቶ ትልቁን የጠመንጃ መነጽር አሳዪኝ አለ። ለየትኛው ጠመንጃ? ጠመንጃ ገና አልገዛም። ታዲያ መነጽሩን ምን ላይ ሊያስቀምጠው ነው፣ ግንባሩ ላይ? ነጋዴ ነኝ፣ ፈገግ አልኩ። የራሴ ፈገግታ ቀፈፈኝ።

ከሰዓት ጌይዛ መጣ። አረንጓዴ ቆቡን እንዳደረገ። ያንን ቆብ ሲያወልቅ ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በወደቀ አውሬ ፊትና ባሌን የቀበርን ዕለት ብቻ ነው። ልጄን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው፤ እሷ አድጋ አገር ጥላ ሄደች፣ አበልጅነታችን ግን አንድ ቀን ሳይሻክር እዚህ ደረሰ። የአዳኞች ማኅበሩን የሚመራውም እሱ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሌላ ሥራ የለውም። ሚስቱ ክቬታ ቀኑን ሙሉ እየተከተለ ድስት ይከፍትብኛል እያለች ታማርራለች።

ለዱንቾ እንደ ልማዱ ከኪሱ የቋሊማ ቆዳ አውጥቶ ሰጠው። ውሻዬ ለማንም አይነሳም፣ ለእሱ ግን ጭራውን ይቆላል። ከዚያ ክንዱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ፦

«አበልጄ፣ ለአንድ ኪሎሜትር የሚሆነውን ሁሉ ስጪኝ።»

ሁሉ ማለት?

«ሁሉ ነዋ። ጥይቱን፣ መነጽሩን፣ ጠመንጃው የሚቆምበትን እግር፣ ያንን ነፋስ የሚለካውን መጫወቻም።»

ለካ ሴፕቴምበር ላይ የተኩስ ክለባችን በድሮው የድንጋይ ካባ የሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ሊገባ ነው። ዕድሜ ልኩን ጫካ ውስጥ ከመቶ እርምጃ ሲተኩስ የኖረ ሰው። ለወረቀት ዒላማ ነው? አልኩት። ለወረቀት ነው አለ። ለወረቀትና ለብረት ሰሃን? አዎ፣ ሌላ ለምን ይሆናል? አለ።

ደስ አለኝ። ከዛሬው ቀን ደስ ያለኝ ይኸው ብቻ። እኔንስ ባሌ ከሞተ በኋላ ያተረፈኝ እዚያ ካባ ውስጥ በሆዴ ተኝቶ መተኮስ አይደል? እስትንፋስ መቁጠር፣ ሣር ሲወዛወዝ ማየት፣ ሌላ ምንም አለማሰብ… ለእሱም ይሁንለት።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16

ካባ። እኔና ጌይዛ ብቻ።

ከየዓይነቱ ጥይት ይዤ ሄድኩ። እሱ በጣም ውዱን ይዞ ሊጀምር። አይሆንም አልኩት፤ የምትመርጠው አንተ አይደለህም፣ ጠመንጃህ ነው። አንዱ ጠመንጃ የሚወደውን ሌላው ይተፋዋል፣ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ቢወጡም። ሳቀ። «እንደ ሚስት ነዋ» አለ። እንደ ምላስህ ነው አልኩት።

መቶ ሜትር ላይ ወረቀት ሰቀልን። አምስት አምስት እየተኮሰ፣ በርሜሉ እስኪበርድ ዳቦና የበግ አይብ እየበላን። ቀላሎቹን አረሮች ጠመንጃው ተፋቸው፣ ወረቀቱ ላይ ተበታተኑ። መካከለኞቹ ትንሽ ሻል አሉ። ከባዱ፣ ረጅሙ፣ ጫፉ ሹል የሆነው ላይ ስንደርስ ግን ቀዳዳዎቹ ተነካኩ። በርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ጠበቅ ያለ ነው፣ ረጅም አረር ነው የሚፈልገው። ገምቼ ነበር። ግን መገመትና ማየት ይለያያል።

ከዚያ የጥይት ፍጥነት መለኪያውን በርሜሉ ፊት ለፊት አቆምኩ። መቶ ሜትር ላይ የማይታይ የፍጥነት ልዩነት ኪሎሜትር ላይ አንዱን ጥይት ከሰሃኑ በላይ፣ ሌላውን ከበታች ይጥላል። የእሱ ግን ሁሉም ተቀራራቢ። ሳጥኑን ገልብጬ የምርት ቁጥሩን አሳየሁት። ይህን ቁጥር ያዝ አልኩት። ስትገዛ ሁሉንም ከዚህ ቁጥር ግዛ። ቁጥሩ ከተለወጠ ባሩዱም ይለወጣል፣ እንደ አዲስ ትጀምራለህ። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጥሩ ተማሪ ነው፣ ይህን አልክድም።

ሳጥኑ ጎን ላይ በጥቃቅን ፊደል፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ለአደን እንደማይሆን ተጽፏል። ማን ያነባል? ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ ክዳኑ ላይ በራሳችን ቋንቋ በትልቁ ጻፍኩበት፦ ለወረቀት ብቻ።

«አንቺ ደግሞ!» አለ።

እኔ ደግሞ። ይህ አረር ቆዳው ስስ፣ ጫፉ ባዶ ነው። ሥጋ ሲያገኝ አንዳንዴ እንደ መርፌ ያልፋል፣ አንዳንዴ አጥንት ላይ ይበታተናል። ምን እንደሚያደርግ የሠራውም አያውቅም። እኔና ዱንቾ በየዓመቱ የሰው ስህተት ጫካ ለጫካ ስንከተል የምንኖር ነን። የቆሰለ አውሬ ዱካ የሚይዝ ውሻ በዚህ ሸለቆ ሌላ የለም። ያየነውን አይተናል።

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

ክቬታ ደወለች። ጌይዛ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኝቶ፣ ባዶ ጠመንጃ ይዞ በቴሌቪዥን የአየር ትንበያ የምትናገረዋን ሴትዮ እያነጣጠረባት ነው አለች። እኔ ልብስ ልተኩስ ስል በእግሬ ልረግጠው ነበር አለች። አንጀቴ እስኪቆስል ሳቅኩ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 23

ሲያንገሸግሽ የዋለ ቀን።

ጌይዛ አማቹን ይዞ መጣ። ራዶቫን። ከዋና ከተማው፣ ከብራቲስላቫ። የጌይዛን ልጅ ካገባ ወዲህ እዚህ የሚመጣው ለገናና ለአደን ነው። ስልኩን እንደ ሻማ ፊት ለፊቱ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሱቄን ገብቶ ሰላም ሳይል መቅረጽ ጀመረ። አጥፋው አልኩት። አጠፋው። «ይቅርታ አክስቴ፣ ለተከታታዮቼ ነበር» አለ። የምን ተከታታይ? ቪዲዮ የሚያዩለት ሰዎች ናቸው። ስንትና ስንት ሺህ።

መነጽር ሊመርጡ ነበር የመጡት። ጌይዛ ዓይኑ ደክሟል፣ ስለዚህ ብሩህ መስታወት፣ ከማጉላቱ ይልቅ ጥራቱ። ማስተካከያው ሲዞር ጠቅ ጠቅ የሚል፣ ወደ ዜሮ ሲመለስ በትክክል ዜሮ ላይ የሚቆም። ይኸው ነው። ራዶቫን ግን እያንዳንዷን ነገር ስልኩ ላይ ይፈትሻል። ይህ ያንሳል፣ ያ ይበልጣል፣ እገሌ የሚባለው ይህን ነው የሚጠቀመው። እገሌ ማን ነው? እገሌን አያውቁትም አክስቴ? አላውቀውም። ማወቅም አልፈልግም።

ከዚያ ለጠመንጃው ቅጠልያ ልብስ ፈለገ። መረብ፣ ሣር የተሰፋበት።

«ለምኑ?» አልኩ።

«እንዳይታይ።»

«ከማን? ወረቀቱ እንዳያየው?»

ጌይዛ ቆቡ እስኪንሸራተት ሳቀ። ራዶቫን አልሳቀም። ያኔ ነው አንድ ነገር ደስ ያላለኝ። ስሙን ግን አልሰጠሁትም… ምን ነበር? ምናልባት እንዲሁ አስጠልቶኝ ይሆናል። ሽቶው ከበዛ ሰው ምን ጥሩ ነገር ይጠበቃል?

መነጽሩን፣ ማሰሪያ ቀለበቱን፣ ባለ ሁለት እግር ማቆሚያውን፣ ቢጫውን የተኩስ ምንጣፍ፣ ነፋስ መለኪያውን ሸጥኩ። መረቡን የለኝም አልኩ። ነበረኝ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

ውድድሩ ተደረገ። ዝናብ ያሰጋ ነበር፣ አልዘነበም። ነፋሱ ግን ከካባው አፍ ገብቶ ግድግዳውን እየታከከ ይዞራል፤ እዚህ ከግራ፣ ሰሃኑ ዘንድ ከቀኝ።

ጌይዛ ከጎኔ ተኛ። እኔ በመነጽር አየሁለት። የመጀመሪያው ወደ ቀኝ ወጣ፣ አቧራው ተነሳ። ሁለተኛው ከበታች። ሣሩን እይ፣ ጠብቅ፣ ጠብቅ… አሁን። ተኮሰ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ከሩቅ ያች የብረት ድምፅ። ጢን። ተነስቶ አቀፈኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንዲህ ያለ ደስታ የሽማግሌ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

ስንተኛ እንደወጣሁ መጻፍ አልፈልግም። አሳፋሪ።

ማታ ጉላሽ የምንለው የሥጋ ወጥ በትልቁ ድስት፣ የፕለም አረቄ። ራዶቫን ሲቀርጽ ዋለ። አረቄው ሲገባው፦

«ሰሃኑን እንዲህ ከመቱት አጋዘን ምን ያቅትዎታል አባባ? አጋዘን ከሰሃን ይሰፋል።»

እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ሰሃኑ በሰንሰለት ታስሯል አልኩት። ጥይትህ ኪሎሜትር ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ በላይ በመንገድ ላይ ነው። በዚያ ሰከንድ ሰሃኑ ሣር ልጋጥ ብሎ አንድ እርምጃ አይሄድም። ሰሃኑ ሆዱ ተቀዶ ጫካ አይገባም። ሌላም ያልኩት አለ፣ አሁን አልጽፈውም፣ ስድብ ነበረበት።

ጌይዛ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ልጅ ነው፣ ተይው» አለ። አርባ ሊሞላው ነው ልጁ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ጌይዛ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ መጣ። ያንኑ ጥይት፣ ያንኑ ቁጥር፣ የቀረኝን ሁሉ። ውድድሩ እኮ አለቀ አልኩት። ለሚቀጥለው ዓመት ነው አለ። «ቁጥሩ እንዳይጠፋ። ራስሽ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

ራሴ ነኝ። ሸጥኩለት። ክዳኖቹ ላይ ሁሉ በቀይ ጻፍኩ። አየኝ፣ ሳጥኖቹን አቅፎ ወጣ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17

ወንዴ አጋዘኖቹ ሴት ፍለጋ ማግሳት ጀመሩ። መስኮቱን ከፍቼ ሰማሁ። ዱንቾ ጆሮውን አቁሞ በሩ ሥር ተኛ። ከላይኛው ግጦሽ የሚያገሳው ያ ድምፁ የጎረነነው ነው፣ አምናም ነበረ። በየዓመቱ ስሰማው ሰውነቴን ይወረኛል። ባሌ ሶፋው ላይ ሆኖ ይመልስለት ነበር፣ ጎረቤት እስኪቆጣ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ጠዋት ቡና እያፈላሁ ስልክ ጮኸ። ጌይዛ። ውሻውን ይዘሽ ነይ አለ። ትልቅ ወንዴ አጋዘን ነው፣ ላይኛው ግጦሽ፣ ጥሩ ተመቷል፣ ጫካ ገባ ብቻ። ምን ያህል ርቀት? አልኩት። «ሩቅ አይደለም» አለና ዘጋ።

ደረስኩ። ግጦሹ ዳር ቆመው አገኘኋቸው፣ እሱና ራዶቫን። ራዶቫን ስልኩን ይዟል። የተመታበትን ቦታ አሳዩኝ። ተንበረከክኩ። ጥቂት ፀጉር፣ ትንሽ ደም፣ የአጥንት ስንጣሪ። ነጭ፣ ስል። የእግር አጥንት ነው። ጥሩ የተመታ አውሬ እንዲህ ያለ ነገር መሬት ላይ አይተውም። ቀና ብዬ ጌይዛን አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል።

ከየት ተኮሳችሁ? ዞር አልኩ። ከጀርባዬ ሸለቆው፣ ከታች ወንዙ፣ ማዶ ተራራው። ማዶ ዛፍ ከሌለበት ገላጣ ላይ አንድ ቢጫ ነገር። ምንጣፍ። የተኩስ ምንጣፍ፣ ከእኔ ሱቅ የገዛው። ኪሴ ውስጥ ርቀት መለኪያዬ ነበር፣ ሁሌም አለ። አውጥቼ አየሁ። ስምንት መቶ ምናምን ሜትር።

እንደገና ለካሁ። ያው ነው።

«ነፋሱ ጸጥ ብሎ ነበር» አለ ጌይዛ። «ሁሉንም እንዳስተማርሽኝ አደረግኩ።»

እንዳስተማርሽኝ!

ዱንቾን ረጅሙ ገመድ ላይ አሰርኩት፣ አፍንጫውን መሬት ደፋ፣ ሄድን። ጥድ ውስጥ፣ ከዚያ ረግረግ፣ ከዚያ ጅረቱን ተሻግረን፣ ከዚያ ሽቅብ። ደሙ ጠፋ። ዱንቾ ግን አልጠፋበትም። ሁለት ቦታ ተኝቶ የተነሳበትን አገኘን፣ ሣሩ የተጨፈለቀ፣ ትኩስ። በሦስት እግሩ ይህን ሁሉ ዳገት ወጥቷል። እየሄድኩ እሳደብ ነበር። ራዶቫንን፣ ጌይዛን፣ ያንን ሳጥን፣ ቀዩን እስክሪብቶዬን። ጽፌበት ነበር እኮ! መጻፍ ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር ማለት ነው?

ከሰዓት ሆነ። የዱር እንጆሪው ውስጥ ተኝቶ አገኘነው። ያ ጎርናናው ይመስለኛል። ቀና ብሎ አየን። ለመነሳት ሞከረ፣ ፊተኛው እግሩ ከላይ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። የተበታተነው አረር ደረቱን በብናኝ ሞልቶታል፣ ግን አልገደለውም። ቀርቤ በራሴ ጠመንጃ ጨረስኩት። ከአሥር እርምጃ። ዱንቾ አጠገቡ ተቀመጠ፣ አልጮኸም።

ጌይዛና ራዶቫን ዘግይተው ደረሱ፣ እያለከለኩ። ራዶቫን ወዲያው ለቀረጻ የሚመች አቅጣጫ ፍለጋ ይዞር ጀመር። ሣሩን በእግሩ አስተኛው፣ ደሙን በቅጠል ሸፈነው።

ደንባችን የታወቀ ነው። አንድ የጥድ ቀንበጥ ተሰብሮ አውሬው አፍ ውስጥ ይደረጋል። የመጨረሻ ጉርሻ እንለዋለን። ሌላ ቀንበጥ ቁስሉን ይነካና ውሻ ይዞ የመጣው ሰው ተኳሹ በዘረጋው ቆብ ላይ ያደርግለታል፣ እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። ተኳሹ ከቀንበጡ ቆርሶ ለውሻው አንገት ይመልሳል። ከአባቴ ጀምሮ ሳላደርገው የቀረሁበት ቀን የለም።

ቀንበጥ ሰበርኩ። አፉ ውስጥ አደረግኩለት። ጉርሻው የእሱ ነው፣ ማንም አይከለክለውም።

ተነሳሁ። ጌይዛ ቆቡን አውልቆ ፊት ለፊቴ ዘርግቶ ቆሟል። ራሰ በራው ላይ ላብ ያበራል። ይጠብቃል።

«አክስቴ፣ ትንሽ ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉና ይስጡት» አለ ራዶቫን።

ቆቡን አየሁት። ጌይዛን አየሁት።

«ምንጣፍህን ማዶ ረስተኸዋል» አልኩት። «ሂድና አምጣው።»

ዱንቾን ይዤ ወረድኩ። አንዴ ዞር ብዬ አየሁ። ቆቡን እንደዘረጋ ነበር።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22

ሱቅ አልከፈትኩም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23

ክቬታ መጣች። የአጋዘኑን ጉበት በሳህን፣ ፎጣ ሸፍናበት። የውሻ ባለቤት ድርሻ። አመሰገንኩ፣ አስቀመጥኩ። ሽታው ኩሽናውን ሞላው። ሌላ ጊዜ በሽንኩርት ጠብሼ የምበላው ነገር… አልቻልኩም፣ ለዱንቾ ሰጠሁት። እሱ ደክሞበታል፣ ይገባዋል።

ክቬታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ጌይዛ አይበላም፣ ቆቡን ከጫካ ከመጣ ጀምሮ አላደረገም አለች። ቆብ አለማድረግ ማንን ያድናል አልኳት። ክፉ አልኩ፣ አውቃለሁ። እሷ ምን አደረገች?

«ዜልሚራ፣ አበልጅሽ እኮ ነው» አለች።

ለዛ ነው አልኳት። ራዶቫን ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 1

ዛሬ ሁለት ሰዎች፣ ከየትኛው ከተማ እንደሆኑ እንጃ፣ ጫማቸው አዲስ። አንደኛው ስልኩን ዘርግቶ አሳየኝ። የራዶቫን ቪዲዮ። ማዶ ያለ አጋዘን፣ የጌይዛ ጣት ምላጩ ላይ፣ ጠመንጃው ዘለለ፣ አጋዘኑ ተንገዳገደ። ምስሉ ተቆረጠ። ቀጥሎ አጋዘኑ የእኔን ቀንበጥ ጎርሶ ሣር ላይ ተኝቷል። ሙዚቃ። በመሃል ያለው ሁሉ የለም። ጅረቱ የለም፣ ዳገቱ የለም፣ እነዚያ ሁለት መኝታዎች የሉም። አንድ ጥይት ይላል ጽሑፉ።

«ይህንን ጥይት ስጪን» አለ ሰውየው።

ለምን? አልኩት። ለአጋዘን ነዋ አለ። የለኝም አልኩ። ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ አዲሱ ምርት ተደርድሮ ይታያል፣ እሱም ያየዋል። የለኝም። ያኛውስ? ያኛው ለወረቀት ነው፣ ወረቀትህን ይዘህ ና።

እብድ ናት ብለው ወጡ። በሩን ሳይዘጉ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

ሌሎች ሦስት። ያንኑ። አንዱ አብረን ፎቶ እንነሳ አለኝ፣ ታዋቂው አዳኝ የገዛበት ሱቅ ብሎ። ታዋቂው! ኤጭ። ማታ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ፣ የጠመንጃ ዘይት ሽታው ራሱ ሰለቸኝ። ሱቁን ልሽጠው? ሸጬስ ምን ልሠራ ነው፣ አበባ ልቸረችር?

ካባ መሄድም አስጠላኝ። ባለፈው ቅዳሜ ተኝቼ ሰሃኑን አነጣጠርኩ። መነጽሩ ውስጥ ሰሃኑ ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ… ተነሳሁ። ሳልተኩስ ተመለስኩ። ይህንንም ወሰዱብኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

ጌይዛን ከቅዳሴ በኋላ ከሩቅ አየሁት። ባዶ ራሱን። ዱንቾ ገመዱን ጎተተ፣ ወደ እሱ ሊሄድ። አልለቀቅኩትም። ጌይዛ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ ከዚያ አወጣው፣ ባዶውን። ዞሮ ሄደ።

ለምን አልለቀቅኩትም? ውሻው ምን አገባው?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ዛሬ ማንም ያንን ጥይት ሊጠይቅ አልመጣም። ገረመኝ። ከዚያ ማታ ራሴ ያንን ቪዲዮ ፈልጌ ከፈትኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቁስል መነካካት ነው።

ከሥር ሰዎች የጻፉት። ጀግና፣ ምን ዓይነት መነጽር ነው፣ ስንት ጠቅታ፣ እሳት ነህ አባባ። ወደ ታች እየወረድኩ… አንዱ ላይ ቆምኩ። የጌይዛ ሙሉ ስም። ፊደሉ የተጣመመ፣ ነጥቡ የጎደለ፣ በአንድ ጣት የተጻፈ።

«የተኮስኩት እኔ ነኝ። ጥሩ አልመታሁትም። እግሩን ሰብሬው ከጠዋት እስከ ከሰዓት በሦስት እግሩ ሄደ። ያገኘው የዜልሚራ ውሻ ነው የገደለችው እሷ ነች። ጥይቱ ለወረቀት ነበር ተጽፎበታል። እኔ የማኅበሩ መሪ ነበርኩ ከሐሙስ ጀምሮ አይደለሁም።»

ከሥሩ ሰዎች ስቀውበታል። ሽማግሌው ሰክሯል ብሎ አንዱ። ሌላው ቅናተኛ ሐሰተኛ ነህ ብሎታል። አባባ ያሉትን ሰው መሆኑን እንኳ አላመኑትም። ራዶቫን ምንም አልመለሰም።

ደጋግሜ አነበብኩት። አለቀስኩ፣ ይኸው ጻፍኩት። ንዴቴ ግን አልወጣም። ሁለቱም አሉ፣ አብረው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ልዘጋ ስል በሩ ተከፈተ። ጌይዛ። ባዶ ራሱን። የክቬታን የገበያ ቅርጫት ይዟል፣ ውስጡ መነጽሩ፣ ባለ ሁለት እግሩ፣ ነፋስ መለኪያው፣ የተረፉት ሳጥኖች፣ ቀይ ጽሑፌ ወደ ላይ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። መልሼ አልገዛም አልኩት። እንድትገዢ አይደለም አለ፣ ካባው ውስጥ ለሚማር ሰው ስጪው። ቢጫው ምንጣፍም ነበረበት፣ ተጠቅልሎ። ሄዶ አምጥቶታል።

ቆምን። ዱንቾ ምድጃው አጠገብ ተኝቶ ያንኮራፋል። ራዶቫንስ? አልኩ። «ቪዲዮውን አጥፋ አልኩት፣ እምቢ አለ፣ ለገናም አልመጣም አለ» አለ ጌይዛ። ልጁ ደውላ አልቅሳለች፣ በማን ላይ እንደሆነ አልገባውም። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እኔም አልጠበቅኩም። ብቻ ፊቱ ከስቷል፣ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶበታል።

ከዚያ ክንዱን እንደዚያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«አበልጄ፣ አውሬው ዘንድ ቅርብ ለመድረስ ምን ያስፈልጋል?»

«ምን ያህል ቅርብ?»

«እንደ ድሮዬ። ሰማንያ እርምጃ። አሁን አርጅቼ እግሬ ከብዷል፣ ስሄድ ይሰሙኛል። ለዛም ጭምር ነበር…» ጨረፍ አድርጎ ተወው።

ለካ ለዛ ነበር? መቅረብ አቅቶት? ሰው ይህንን ለአበልጁ መናገር አቅቶት ነው እስከዚያ ማዶ የሚሄደው? ንዴቴ እንደገና ተነሳ፣ ግን ወዴት እንደምወረውረው አጣሁ።

«ጫማ» አልኩት።

«ምን?»

«ጫማ ነው የሚያስፈልግህ።»

መሰላል ላይ ወጣሁ። ላይኛው መደርደሪያ፣ አቧራ የጠጣ ሳጥን። ሶሉ ለስላሳ፣ የሱፍ ሽፋን ያለው፣ ማንም የማይጠይቀኝ ዕቃ። ቪዲዮ ላይ አያምርም። አርባ ሦስት ነኝ አለ፣ ከዚያ አሰበና፣ እግሬ እያበጠ ነው አርባ አራት ስጪኝ አለ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያጎነብስ ትንፋሹ ተቆረጠ። ክሩን እኔ አሰርኩለት። አመሰግናለሁ አላለም፣ ደግ አደረገ።

የሱቄ ወለል አሮጌ ሳንቃ ነው፣ በየቦታው ይጮኻል። ወደ በሩ ላክሁት።

«ከዚያ ተነስተህ ዱንቾ ዘንድ ድረስ። ሳትቀሰቅሰው።»

አየኝ፣ እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ። አልቀለድኩም። ጀመረ። ተረከዙን መጀመሪያ፣ ከዚያ ጎኑን፣ ክብደቱን ቀስ አድርጎ፤ አባቱ ያስተማረውን እግሩ አልረሳውም። ሳንቃው ዝም አለ። ግማሽ ደረሰ። እስትንፋሱን ይዟል፣ እኔም ይዣለሁ። መደርደሪያው አጠገብ ሲደርስ ያች የማውቃት ሳንቃ ጢቅ አለች።

ዱንቾ ዓይኑን ሳይገልጥ አንድ ጆሮውን አቆመ።

«እንደገና» አልኩት።

ጌይዛ ወደ በሩ ተመለሰ።